የደን እሳት ማጥፋት ይህን ያህል ብር የሚበላው ለምንድነው? (ከአንድ የቦቴ ሾፌር)

ባለቦቴው | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት። ያለፈውን ወቅት የውሃ ቦቴ ስነዳ ነው የከረምኩት፣ የደን እሳት ላይ። ቦቴዋ 4,000 ጋሎን ትይዛለች፤ በእኛ ልክ 15 ሺህ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። አሁን ሥራው ቀዝቅዞ ቤቴ ገብቻለሁ። ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ስላለ ልጻፈው።

በአንዱ ሞቃት ሳምንት ወደ ትልቅ እሳት ተጠራን። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እንደደረስን ቦቴዋ ተፈተሸች፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፓምፕ፣ መብራት። ከዚያ ሜዳ ላይ ከሌሎች መኪኖች ጋር ደርድረው አቆሙን። አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ቡና አፈላሁ (ጀበናዬን ይዤ ነው የምወጣው፣ አትሳቁ)። ማታ ማታ አንድ ኃላፊ ይመጣና የቀኑን ወረቀት ይፈርምልኛል። ያ ወረቀት ገንዘብ ነው። ቦቴዋ ብትሠራም ባትሠራም የቀን ኪራይዋ ይታሰባል፣ ከነሾፌሯ ከነነዳጇ።

በአምስተኛው ቀን ሥራ ተሰጠኝ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የካምፑን መንገድ አቧራ ማርጠብ። እሳቱን በዓይኔ ያየሁት ማታ ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ሲቀላ ብቻ ነው።

የቀን ኪራዩ ስንት ነው እንዳትሉኝ። አለቃዬ ሐበሻ ነው፣ እዚህ ቤት ይገባል።

እውነቱን ለመናገር ድሮ ከዚህ የባሰ ነበር ይላሉ የቆዩት ሾፌሮች። መኪና ያለው ሁሉ ጢስ እየተከተለ ይነዳ ነበር። ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ "ቅጠሩኝ" ማለት ነው። የተቃጠለ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። አሁን ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ሌላ አሠራር አለ። ወቅቱ ሳይገባ በኢንተርኔት የቀን ዋጋህን ታስገባለህ። ዋጋህ፣ የመኪናህ ሁኔታና ሌላ ሌላው ታይቶ በየአካባቢው ተራ ይወጣል። እሳት ሲነሳ ከላይ ወደ ታች እየደወሉ ይጠራሉ። ሥራ ይኖርሃል ብሎ ቃል የሚገባልህ የለም፣ ዋጋህ ግን አስቀድሞ ታውቋል።

ታዲያ ዋጋው እንዲህ ከታወቀ አራት ቀን የቆምኩት ለምንድነው? ግዥ የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ።

---

አካውንታንቷ_ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 5:02

ባለቦቴው፣ እንኳን በሰላም ገባህ። ሥራዬ የመንግሥት ኮንትራት ሒሳብ ስለሆነ ይቺን ነገር ሳላልፋት ልመልስልህ።

ያንተ ቦቴ አራት ቀን መቆሟ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፣ የትእዛዝ ጉዳይ ነው። የሚያዘው ሰው ፈርቷል። "ቢጎድለኝስ?" ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ጠርቷል። ጎድሎ ቤት ቢቃጠል እሱ ይጠየቃል። ተርፎ ሜዳ ላይ ቢቆም ማንም አይጠይቀውም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ትልቁ ገንዘብ ግን ያንተ ቦቴ አይደለችም፣ አውሮፕላኑ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር የሚከራየው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ለወቅቱ በሙሉ ይያዛል። አውሮፕላኑ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ በየቀኑ ይከፈለዋል፣ ሲበር ደግሞ የሰዓት ይጨመርለታል። ሁለተኛው ሲጠራ ብቻ የሚመጣ ነው። ካልተጠራ ሳንቲም አያገኝም።

ሲሰሙት ሁለተኛው የሚቆጥብ ይመስላል አይደል? አዲስ አበባ ክረምት ላይ ዝናብ እየመታህ ታክሲ ለምነህ ታውቃለህ? የወር ኮንትራት ያለው ሰው በተለመደው ዋጋ ቤቱ ይገባል። አንተ መንገድ ዳር ቆመህ የጠየቁህን ትከፍላለህ። እዚህም ያው ነው። ባለአውሮፕላኑ ሥራ መኖሩን ስለማያውቅ ቆሞ የሚከርምበትን ወራት ሁሉ በተጠራባቸው ጥቂት ቀናት ላይ ይጭነዋል። በ2017 በፈረንጆቹ የትልልቅ ውሃ ጣይ አውሮፕላኖች አማካይ የቀን ዋጋ ሲጠራ በሚመጣው መንገድ ከግማሽ በላይ ብልጫ ነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ምን ተደረገ? ለወቅቱ በሙሉ የሚያዙት ከ20 ወደ 13 ተቀነሱ።

እብደት ይመስላል። ሁለት ኪስ መኖሩን ካወቃችሁ ግን ይገባችኋል። ለወቅቱ የሚያዘው አውሮፕላን የሚከፈለው ከዝግጅት በጀት ነው፤ እሱ ቁርጥ ነው፣ ምክር ቤቱ አስቀድሞ የወሰነው። ሲጠራ የሚመጣው የሚከፈለው ከማጥፊያው በጀት ነው፤ እሱ ደግሞ እሳት ሲነሳ ይለጠጣል። ኃላፊው ከግራ ኪሱ ቆጠበ ተብሎ ይመሰገናል፣ ከቀኝ ኪሱ ይፈሳል።

የሚፈሰውም ቀላል አይደለም። በ1995 እሳት ከደን አገልግሎቱ በጀት 16 በመቶውን ነበር የሚወስደው። በ2015 ከግማሽ አለፈ። የበጀት ዓመታቸው መስከረም 20 ላይ ያልቃል፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ ልክ እሳቱ ሲከር። ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ሲያልቅ ከሌላ ሥራ ይበደሩ ነበር። ከየትኛው መሰላችሁ? ደኑን ከሚያሳሳው፣ ደረቁን ቁጥቋጦ ከሚመነጥረው ሥራ ጭምር። የሚቀጥለውን እሳት የሚቀንሰውን ሥራ ሰርዘው የዘንድሮውን ያጠፋሉ። ይህን ለማስቆም በ2018 ሕግ ወጣ። ከ2020 ጀምሮ ለከፋ ዓመት የሚሆን የተለየ ገንዘብ ተቀመጠ፣ በ2.25 ቢሊዮን ዶላር ተጀምሮ በየዓመቱ የሚያድግ።

---

ጠርጣራው | ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 1:40

ይኼ ሁሉ ኮንትራት ምንድነው። መንግሥት ነው አይደል? አውሮፕላኑን ገዝቶ ያስቀምጥ። ኪራይ ማለት መሃል ላይ የሚበላ ሰው አለ ማለት ነው። ሁሉም ሌባ ነው፣ እዚያም እዚህም።

---

አወያይ | ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 1:55

ጠርጣራው፣ ሌባ የምትለው ካለህ በማስረጃ። አለበለዚያ ክሩ ይዘጋል።

---

አካውንታንቷ_ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 25፣ ከረፋዱ 4:20

ጠርጣራው፣ ግዛ ያልከው ሞኝነት አይደለም። ካሊፎርኒያ ራሷ አድርጋዋለች። 12 ፋየርሆክ ሄሊኮፕተሮች አዘዘች፣ እያንዳንዳቸው ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር። በየዓመቱ እሳት ለሚበላት ግዛት ያዋጣል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ትጠቀምበታለችና።

ግን መግዛት የሚቻለው የሚሸጥ ሲኖር ነው። ከሐይቅ ላይ ተንሸራቶ ውሃ እየቀዳ የሚነሳውን ቢጫ አውሮፕላን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካናዴር የሚሉትን? በ12 ሰከንድ ውስጥ 6,000 ሊትር ገደማ ይቀዳል። ያ አውሮፕላን በ2015 መመረቱ ቆመ። ለምን? አንድ አገር ሁለት፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ ሦስት እያለ ፋብሪካ አይኖርም። አውሮፓውያን መጨረሻ ላይ የገባቸው ይኼ ነው። ክሮኤሺያ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ፖርቱጋልና ስፔን በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለየሁለት፣ በጠቅላላው 12 አዲስ አዘዙ። ትእዛዙ ሲጠራቀም ፋብሪካው ተነሳ። ብቻህን ገበያ ብትወጣ ግን ሻጩ ቀና ብሎም አያይህ።

ርካሹን መያዝም መዘዝ አለው። በ2002 በአንድ ክረምት ሁለት አሮጌ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖች አየር ላይ እንዳሉ ክንፋቸው ተገነጠለ፣ አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ ኮሎራዶ። የድሮ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ። በ2004 የ33 ትልልቅ አውሮፕላኖች ኮንትራት በአንድ ጊዜ ተሰረዘ።

አንድ ብቻ ልጨምር። ከአውሮፕላን የሚረጨውን ቀይ ነገር ታውቁታላችሁ? የእሳቱን መንገድ የሚዘጋውን። ለብዙ ዓመት የሚያቀርበው በተግባር አንድ ድርጅት ነበር። በመጨረሻ ተወዳዳሪ መጣ፣ ፈተናውን አለፈ፣ በ2023 ሥራ ላይ ዋለ። ደስ ሲል! በ2024 አውሮፕላኖቹ ላይ ዝገት ተገኘና ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ። ያው ወደ አንዱ ተመለሱ። ውድድር ጥሩ ነው ብለን ስናወራ ይኼንንም እናስታውስ።

---

የደባርቋ | ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 9:15

እናንተ ስለ አውሮፕላን ታወራላችሁ። እኔ ስለ ቦት ጫማ ላውራ።

በ2011 በእኛ አቆጣጠር ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ደባርቅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ወጣ። ይዞት የወጣው ቅጠል ነው። አዎ፣ ቅጠል። ቅርንጫፍ ቆርጠህ እሳቱን ትደበድበዋለህ። ያለው ዶማና አካፋ ያዘ፣ ሴቶቹ በጄሪካን ውሃ ተሸከምን። እሳቱ ግን ገደል ውስጥ ነው። ገደሉን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝንጀሮ እንጂ ሰው አይወርደውም። ወንድሜ ሦስት ቀን ውሎ ሲመለስ የጫማው ሶል ቀልጦ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ ነበረች። እናቴ እግሩን በቅቤ እያሸች አለቀሰች።

ኋላ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፣ ሄሊኮፕተርም ከኬንያ መጣ። እግዜር ይስጣቸው። ግን የመጡት ብዙው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ የመንግሥት ሥራ ያዝኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። አንድ ዓመት ለእሳት ጊዜ የሚሆን ዕቃ እንዲገዛ ተጠየቀ፦ 60 ጥንድ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ አካፋ። ጥያቄው የወጣው ጥር ላይ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። አንዱ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። ኮሚቴው ሳይሟላ ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አሸናፊው ዕቃ የለኝም አለ። ዕቃው መጋዘን የገባው መቼ ነው? ሰኔ 19። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው።

ካርቶኑን ስንከፍተው ቦቱ ሁሉም 44 ቁጥር ነው። ስልሳውም! በኛ አገር 44 የሚያደርግ ወንድ ስንት አለ? አንዱ ልጅ ሁለት ካልሲ ደርቦ ሞከረና ሦስት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ስቀን ሞትን። ከዚያ ዝም አልን።

---

ባለቦቴው | ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2:30

የደባርቋ፣ እህቴ፣ አሳቅሽኝም አሳዘንሽኝም። እኔ አራት ቀን ቆሜ ስከፈል ወንድምሽ በፕላስቲክ ጫማ እሳት ይረግጣል። ምን ይባላል።

---

ሞዴል22 | ጥቅምት 26፣ ከጠዋቱ 2:05

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ከጡረታ በፊት 31 ዓመት በግዥና በንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ስሜን ያወጡልኝ መሥሪያ ቤት ነው። ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ዕቃ ማውጫው ወረቀት፣ ከመጋዘን መርፌ አላስወጣም ነበርና።

የደባርቋ፣ ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንም ሌባ አልነበረበትም ይሆናል። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ፕሮፎርማው ተሰብስቧል፣ ኮሚቴው ፈርሟል፣ ዝቅተኛው ዋጋ አሸንፏል። ኦዲተር ቢመጣ ፋይሉ ንጹሕ ነው። ብቻ ጫማው አያደርግም።

ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀኑ ነው። የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደን እሳት የሚነሳው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። ጥያቄው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ቢወጣ ኖሮ ስንት ወር ነበራችሁ? በዓመቱ መጀመሪያ ዝም ተብሎ፣ ጢስ ሲታይ ይጮሃል። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ላይ "ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን" ተብሎ ይገዛል። የሰኔ ግዥ የሚባለውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ሰኔ 28 ቀን ማታ በባትሪ ዕቃ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ።

ሁለተኛው መግለጫው ነው። "ቦት ጫማ፣ ጥሩ ጥራት ያለው፣ 60" ብለሽ ከጻፍሽ ነጋዴው ያልተሸጠለትን ያመጣልሻል። 44 ቁጥር ለምን መጣ? መደርደሪያው ላይ የቀረው እሱ ስለሆነ ነው! የእያንዳንዱ ቁጥር ብዛት፣ የሶሉ ዓይነት፣ የቆዳው ዓይነት ይጻፋል። አንድ ናሙና አስቀድሞ ይቀርባል። ናሙናው ታሽጎ መጋዘን ይቀመጣል። ሲረከቡ ከናሙናው ጋር ይታያል። ካልገጠመ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ) አይቆረጥለትም፣ ገንዘብም የለም።

ሦስተኛው የማዕቀፍ ስምምነት ነው። ይኼ ከ649/2001 አዋጅ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አሁን አዋጁ በ1333/2016 ተተክቷል። ጨረታው አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ዋጋው ይታሰራል፣ ከዚያ ሲያስፈልግ በደብዳቤ ብቻ ታዣለሽ። ለጽሕፈት መሣሪያና ለጎማ ስንጠቀምበት ኖረናል። ለአካፋና ለቦት ምን ያግደዋል? አንድ ወረዳ 60 ጥንድ ሲገዛ ነጋዴው ይንቀዋል። አምስት ፓርኮችና አሥራ ምናምን ወረዳዎች አንድ ላይ ሦስት ሺህ ጥንድ ሲሉ ፋብሪካው ራሱ ይመጣል። ቆዳ ያለን አገር ነን እኮ።

በአደጋ ጊዜ ቀጥታ ግዥ ይፈቀዳል፣ ሕጉ አይከለክልም። ግን ቀጥታ ግዥ መድኃኒት ነው። ቁርስ አይደለም።

---

ከነታንያ | ጥቅምት 26፣ ከቀኑ 7:30

ሻሎም ለሁላችሁም። ጋሼ ሞዴል22፣ እጅዎን ይዤ ስሜያለሁ።

ስለ እስራኤል ስለተነሳ ትንሽ ልበል። እኛ ሰው የላክነው ስላለን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ስለተቃጠልን ነው። በዲሴምበር 2010 የቀርሜሎስ እሳት 44 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ እስረኞችን ለማውጣት በአውቶቡስ ይሄዱ የነበሩ የማረሚያ ቤት አገልግሎት ሰልጣኞች ናቸው። ያኔ የእሳት አደጋው አገልግሎት በየከተማው ማኅበር የተከፋፈለ ነበር። እሳት የሚያጠፋ የራሳችን የአውሮፕላን ቡድን አልነበረንም። የእሳት መግቻው ኬሚካል ክምችት አለቀ። ግሪክ፣ ቱርክ፣ ሩሲያ፣ ሌሎችም አውሮፕላን ላኩ። ከአሜሪካም ያንን ግዙፉን 747 አስመጡ።

በፈረንጆቹ 2011 የአውሮፕላን ቡድኑ ተቋቋመ። የተመረጠው ትልቁ አውሮፕላን አይደለም። ኤይር ትራክተር የሚባለው ነው፣ በእርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጨው ዓይነት። ትንሽ ነው፣ አገሪቱም ትንሽ ናት፣ ቶሎ ይደርሳል። ኬሚካሉም በጊዜው ይከማቻል። በ2012 ደግሞ የየከተማው ማኅበር ቀርቶ አንድ ብሔራዊ ባለሥልጣን ሆነ። አንድ ገዢ፣ አንድ ዓይነት ቱቦ። አባቴ "ቱቦው አንድ ካልሆነ ጎረቤት ሊረዳህ መጥቶ ቆሞ ያይሃል" ይል ነበር። የአንዱ ከተማ ማያያዣ ከሌላው ካልገጠመ እኮ ያው ነው።

---

ጠርጣራው | ጥቅምት 26፣ ከቀኑ 8:10

እሺ፣ ሌባ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን ሁላችሁም ግዥ ግዥ ትላላችሁ። አሜሪካ ወጪው የበዛው ሰው ጫካ ውስጥ ቪላ ስለሠራ ነው፣ አየሩም ስለሞቀ ነው። ጫማ በጊዜው ብትገዛ እሳቱ ይቀንሳል?

---

አካውንታንቷ_ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 1:00

አይቀንስም። እዚህ ላይ ልክ ነህ። ቤቱ ጫካ ውስጥ ካለ ባለቤቱን ለማዳን ስንት አውሮፕላን ቢወጣ ማንም "ይቅር" አይልም። በ2021 የፌዴራሉ መንግሥት እሳት ለማጥፋት ብቻ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ግዥ ያንን ሁለት ቢሊዮን አያደርገውም። ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ የሚሸረፈውን ሳንቲም ግን ያስቀራል፤ እሱም ሲደመር ብዙ ነው።

---

ባለቦቴው | ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 4:45

ጋሼ፣ የመጋዘኑን ነገር ሲያነሱ አንድ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ።

እዚህ አገር የእሳት ዕቃ ብቻ የሚቀመጥባቸው ትልልቅ መጋዘኖች አሉ። በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ተበትነዋል፣ አንዱ ቦይሲ፣ አይዳሆ ነው፣ የእሳቱ ማዕከል ያለበት። አንዴ እሳት ሲያበቃ የተጠቀምንበትን ቱቦ ልመልስ ወደ አንዱ መጋዘን ላኩኝ። እኔ ጥዬ ልሄድ ነበር። ቱቦው ጥቀርሻ ብቻ ነው፣ የሚጣል መስሎኝ።

አልተጣለም። አንድ ሽማግሌ እያንዳንዱን ጥቅል ቆጠረ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። ቱቦው ይታጠባል። ይሰቀልና ይደርቃል። በውሃ ግፊት ይፈተሻል፣ የሚያፈስ ካለ ቦታው ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይመለሳል። ፑላስኪ የሚሉትም አለ፣ በአንድ ወገን መጥረቢያ በሌላው ዶማ የሆነ። እጀታው ይታያል፣ ስለቱ ይሳላል። ቢጫው እሳት የማይዘው ሸሚዝ ታጥቦ በየቁጥሩ ይደረደራል። በየቁጥሩ፣ የደባርቋ!

ያልተመለሰው ደግሞ ይቆጠራል። "ይኼ እሳት ይህን ያህል ዕቃ ይዞብን ቀረ" ተብሎ እዚያው እሳት ላይ ይጻፋል። ሽማግሌው ምን አለኝ? "ሰው እሳቱን ያየዋል፣ እኔ ግን ቱቦውን ነው የማየው።" ሞዴል22 የሚባል ሰው እንደማውቅ ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

ሌላም አለ። የጦር ሠራዊቱ የጣለው ካሚዮን ወደ ክፍለ ግዛቶቹ የደን መሥሪያ ቤቶች በውሰት ይሄዳል። ውሃ ታንክ ይጫንበትና ለገጠር በጎ ፈቃደኞች ይሰጣል። እኔ ካየኋቸው ቦቴዎች አንዷ ጥይት መደርደሪያዋ ገና አልተነቀለም ነበር።

---

ሞዴል22 | ጥቅምት 27፣ ከጠዋቱ 1:30

ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ። ሰው ነው።

አካውንታንቷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን የኬንያ ሄሊኮፕተር ነገር እያሰብኩ ነው። ለእኛ የትኛው ይሻላል? ለወቅቱ የሚያዝ ወይስ ሲጠራ የሚመጣ?

---

አካውንታንቷ_ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 27፣ ከረፋዱ 5:50

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከአሜሪካ ጋር እለያለሁ። እዚያ እሳቱ ወራት ስለሚቆይ ለወቅቱ መያዝ ያዋጣል። ለሰሜን ተራሮችና ለባሌ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሄሊኮፕተር አቁሞ ወራት መክፈል ለእኛ አይሆንም። ሲጠራ የሚመጣው ይሻላል፣ ግን ዋጋው ኅዳር ላይ የታሰረ መሆን አለበት። የሰዓት ዋጋው፣ ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው፣ ባልዲው ከማን ነው፣ ነዳጁ የት ይጠብቀዋል፣ ድንበር ማን ያስፈቅዳል። ይኼ ሁሉ እሳት ሳይኖር በቀዝቃዛ ጭንቅላት ይጻፋል። ትንሽ የዝግጁነት ክፍያ ቢጠይቁ እንኳ እከፍላለሁ። ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ሦስት ቀን ደብዳቤ ሲመላለስ የሚቃጠለው ጓሳ ይበልጣል።

ዋናው ግን ሄሊኮፕተሩ አይደለም። ሰማይ ላይ ሆኖ ውሃ ቢያፈስም ከታች ጠርዙን በዶማ የሚቆርጥ ሰው ከሌለ እሳቱ ይነሳል። ያ ሰው ጫማ ያስፈልገዋል።

---

ሞዴል22 | ጥቅምት 27፣ ከቀኑ 6:20

እንግዲህ የደባርቋ፣ ልጄ። ጥር ሳይገባ ሁለት ወር አለሽ። አለቃሽን ጠብቂ አልልሽም። ነገ ጠዋት ወረቀትና እርሳስ ያዢ። እሳት ላይ የሚወጡትን ሁሉ የእግራቸውን ቁጥር ጻፊ። ከዚያ መግለጫውን አብረን እናዘጋጃለን። ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እጄ አልረሳውም።

---

የደባርቋ | ጥቅምት 30፣ ከቀኑ 10:40

ጋሼ፣ ይኸው። እስካሁን 31 ሰው ለክቻለሁ። ጥቂቶቹ ቁጥራቸውን ስለማያውቁ ካርቶን ላይ አስረግጬ በእርሳስ አዞርኩት።

39 — 3 ሰው
40 — 9 ሰው
41 — 11 ሰው
42 — 6 ሰው
43 — 1 ሰው
44 — 1 ሰው

44ቱ የግቢያችን ጥበቃ ነው። እሳት ላይ አይወጣም፣ ግን ለኩኝ ብሎ አስቸገረኝ።